ሕመሙ ከየት ይጀምራል? የቀድሞ ወታደሮች የጉልበት ጉዳት እንዴት እንደሚመዘን



የዛሬው ርእሳችን ጉልበት ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሲያገለግል ጉልበቱ ለተጎዳ ሰው መንግሥት «ጉዳትህ በመቶ ይህን ያህል ነው» ብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ፣ እንዴት እንደሚለካ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኛ ሰው ለምን ከሚገባው ያነሰ ይዞ እንደሚመለስ ነው የምነግራችሁ። በአዳራሹ ያላችሁ ሁላችሁም ወታደር ነበራችሁ ማለት አይደለም። የወታደር እናት፣ ሚስት፣ ባል ወይም ወንድም የሆናችሁ ግን አላችሁ፤ ንግግሬ ለእናንተም ነው፤ ምክንያቱን እየቆየን እንደርስበታለን። ዓመታቱን በሙሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። የአሜሪካ ጦር በ2009 ግሪን ካርድ የሌላቸውን ሰዎች ጭምር በቋንቋ ችሎታቸው የሚቀበልበትን ማቭኒ የተባለ ፕሮግራም ሲጀምር፣ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። በዚያ በር የገቡ አሉ፤ ዲቪ ደርሷቸው መጥተው የተመዘገቡ አሉ፤ እዚሁ ተወልደው ከሃይስኩል በቀጥታ የሄዱም አሉ። ዩኒፎርሙን ካወለቁ ዓመታት አልፈዋል። በሃያ ዓመቱ ችሎ ዝም ያለ ጉልበት በአርባ ዓመቱ መናገር ይጀምራል።

ወታደር ጉልበቱ የሚጎዳው ጦር ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም። ሠላሳ ኪሎና ከዚያ በላይ ተሸክሞ በየሳምንቱ የሚጓዝ እግረኛ፣ ከአውሮፕላን በፓራሹት የሚዘል፣ ከከባድ መኪና ላይ በሙሉ ትጥቅ ዱብ የሚል፣ መርከብ ላይ ቀጥ ባለ የብረት መሰላል ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ የሚውል፣ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ ሞተር የሚፈታ ሁሉ ጉልበቱን ይከፍላል። የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚይዘው መሥሪያ ቤት፣ እኛም እንደ ሰዉ ቪኤ የምንለው፣ በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣል። ካሳ ከሚከፈልባቸው ጉዳቶች በብዛት አንደኛው ጆሮ ውስጥ የሚጮኸው ድምፅ ነው፤ የጉልበት እንደ ልብ አለመታጠፍ ደግሞ ለዓመታት ከግንባር ቀደሞቹ ተርታ አልወጣም።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግምት እናንሳ። «እኔ እኮ ሥራ አለኝ፤ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው፤ ምን ብዬ ካሳ እጠይቃለሁ?» የሚል ሰው አለ። ሕጉ የሚጠይቀው እንዲህ አይደለም። የምዘናው ሠንጠረዥ መሠረቱ የ1945ቱ ነው፤ የሚለካውም እንዲህ ዓይነት ጉዳት በአማካይ የአንድን ሰው የመሥራት አቅም ምን ያህል ይቀንሳል የሚለውን ነው። አማካይ ስለሆነ፣ ፓርኪንግ የሚሠራውና ፕሮግራመሩ ለተመሳሳይ ጉልበት ተመሳሳይ ቁጥር ያገኛሉ። ደመወዝ ማግኘት ካሳውን አይቀንሰውም። ካሳው ምጽዋትም አይደለም፤ አንድ ሰው ጤነኛ ጉልበት ይዞ ገብቶ የተጎዳ ጉልበት ይዞ ሲወጣ የሚከፈል ዕዳ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ «የመንግሥት እጅ አላይም» ብለው መብታቸውን የተዉ ጨዋ ሰዎች ስላሉ ነው።

ወደ ካሳው የሚያስገባው በር ሦስት ነገር ይጠይቃል። ዛሬ ያለ ሕመም፣ በአገልግሎት ጊዜ የደረሰ ነገር፣ ሁለቱን የሚያያይዝ ማስረጃ። ሦስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ሐኪም «ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል» ብሎ ሲጽፍ አይበቃም። መስፈርቱ ግን የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም፤ የመያያዙ ዕድል ቢያንስ እኩል በእኩል ከሆነ በቂ ነው። ማስረጃው ለሁለቱም ወገን እኩል ሲመዝን ጥርጣሬው ለወታደሩ እንዲተረጎም ሕጉ ራሱ ያዛል። እንዲህ ያለ ለአመልካች ያደላ ሕግ በሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

«ያኔ ክሊኒክ አልሄድኩም፤ ምንም የተጻፈ የለም» የሚለው ሌላው ጭንቀት ነው። ወታደር ቤት የነበረ ያውቀዋል፤ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ክሊኒክ መመላለስ ሰነፍ ያስብላል፤ ስለዚህ ኢቡፕሮፌን ውጦ መሮጥ ነው። በ2006 ቡካነን በሚባለው ጉዳይ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የዚያን ጊዜ የሕክምና ወረቀት ስለሌለ ብቻ የሰውን ምስክርነት መጣል እንደማይቻል ወስኗል። አብሮት የሮጠ ጓድ፣ ለእረፍት ቤት ሲመጣ እያነከሰ ያየችው እናቱ፣ ሌሊት በረዶ የምትይዝለት ሚስቱ መጻፍ ይችላሉ። ለዚህ የተዘጋጀ የቪኤ ቅጽ አለ፤ ቁጥሩ 21-10210 ነው። እናቶችና የትዳር ጓዶች፣ ንግግሬ ለእናንተም ነው ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። «ልጄ ጎበዝ ነበር» ብላችሁ አትጻፉ። ያያችሁትን ጻፉ፤ በየትኛው ዓመት፣ የትኛው እግር፣ ደረጃ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ።

አሁን ወደ መለኪያው እንግባ። ጤነኛ ጉልበት ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ 140 ዲግሪ ይደርሳል። ሠንጠረዡ የጎደለውን ይቆጥራል። መታጠፉ 45 ዲግሪ ላይ ከቆመ 10 በመቶ፣ 30 ላይ ከቆመ 20 በመቶ፣ 15 ላይ ከቆመ 30 በመቶ። መዘርጋት ላይ ሕጉ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ሊዘረጋ 10 ዲግሪ የቀረው ጉልበት 10 በመቶ፣ 15 የቀረው 20 በመቶ፣ 20 የቀረው 30 በመቶ፣ 30 የቀረው 40 በመቶ፣ 45 የቀረው 50 በመቶ ያገኛል። ቀጥ የማይል እግር እንደማይታጠፍ እግር አይደለም፤ መራመዱን ራሱን ያበላሸዋል።

እስቲ አስቡት፤ 45 ዲግሪ ብቻ የሚታጠፍ ጉልበት ወንበር ላይ እንኳን በወጉ አያስቀምጥም። ስለዚህ በዲግሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ እያነከሰ የሚኖር ሰው ሁሉ ዜሮ ይዞ ይመለስ ነበር። እዚህ ላይ የሕመም ነገር ይገባል። መገጣጠሚያው ሲንቀሳቀስ የሚያም ከሆነ፣ ዲግሪው ባይጎድልም ቢያንስ ካሳ የሚያስገኘው ዝቅተኛው መጠን እንዲሰጥ ደንቡ ያዛል፤ ለጉልበት 10 በመቶ ማለት ነው። የብዙ ሰው ጉልበት 10 ላይ የሚቆመውም በዚህ ነው።

ከ10 በላይ የሚያሳልፈው ምንድን ነው? ፍርድ ቤቶች ሠላሳ ዓመት የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። በ1995 የዴሉካ ጉዳይ፣ ለቪኤ ጉልበቱን የሚለካው መርማሪ ሕመሙ፣ ድካሙና መዛሉ እንቅስቃሴን ምን ያህል እንደሚቀንስ መመዝገብ እንዳለበት ወሰነ። በ2011 የሚቸል ጉዳይ አንድ ገደብ አበጀ፤ ማመሙ ብቻውን አይበቃም፣ ሕመሙ የሰውነትን መደበኛ እንቅስቃሴ መገደብ አለበት አለ። በ2016 የኮሬያ ጉዳይ ጉልበት ክብደት ተሸክሞም ሳይሸከምም፣ ሰውየው ራሱ ሲያጥፈውም መርማሪው ሲያጥፍለትም እንዲፈተን አዘዘ። በ2017 የሻርፕ ጉዳይ ደግሞ፣ ሕመሙ የሚነሣበት ቀንና የምርመራው ቀን ባይገጣጠሙ እንኳ፣ መርማሪው ሰውየውን ጠይቆ ግምቱን በዲግሪ እንዲያስቀምጥ ግዴታ ጣለበት። እነዚህ አራት ውሳኔዎች ሲደመሩ ጥያቄው አንድ ነው፤ ሕመሙ ከየት ይጀምራል፣ ምንስ ያስቀራል?

ወደ ምርመራው ክፍል ልውሰዳችሁ። ብዙውን ጊዜ የቪኤ ሆስፒታል እንኳ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ በኮንትራት ያሠማራው መርማሪ የተከራየው ትንሽ ቢሮ ነው። መርማሪው አያክምም፤ ሥራው መለካትና መጻፍ ነው። ሁለት ክንድ ያላት የፕላስቲክ መለኪያ አለችው፤ ጎኒዮሜትር ትባላለች። አንዱን ክንድ በጭን፣ ሌላውን በቅልጥም አቅጣጫ ያደርግና «እጠፍ» ይላል። ወንድማችን ያጥፋል። 70 ዲግሪ ላይ ሕመሙ ይጀምራል። ወንድማችን ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ እያለ፣ 110 ድረስ ያደርሰዋል። መርማሪው 110 ብሎ ይጽፋል። «ሕመሙ የት ላይ ጀመረ?» ብሎ ካልጠየቀና ወንድማችንም ካልተናገረ፣ 70 የሚባለው ቁጥር ከዚያ ክፍል ሳይወጣ ይቀራል። ሦስት ጊዜ ያስደግመዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ በጀግንነት 110። መጨረሻ ላይ «ዛሬ እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ መዝገቡ ላይ «ደህና እንደሆነ ተናግሯል» ተብሎ ይሰፍራል።

የእኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕመምን መቻል በአስተዳደጋችን ምስጋና ያለበት ነገር ነው፤ ማማረር ነውር ነው። እኔም ይህን አስተዳደግ አከብራለሁ። ለዚያ ክፍል ግን አይሆንም። መርማሪው የተጠየቀው ስለ ትዕግሥታችሁ ሳይሆን ስለ ጉልበታችሁ ነው፤ የቻላችሁት ሕመም እሱ በሚጽፈው ወረቀት ላይ አይኖርም። ሕመሙ የሚጀምርበት ዲግሪ ላይ ስትደርሱ «እዚህ ላይ ጀመረኝ» በሉ። ከዚያ ማለፍ ካልቻላችሁ አትለፉ። ሐኪም እንድታደርጉት ያዘዛችሁን ድጋፍ አድርጋችሁ ሂዱ። በወር ስንት ጊዜ እንደሚነሣባችሁ፣ ሲነሣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ያኔ ምን ማድረግ እንደሚያቅታችሁ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ያዙ።

ምን ማድረግ እንደሚያቅት መናገርም እንደ ቁጥሩ ይጠቅማል፤ እኛ ደግሞ ለዚህ የራሳችን ምስክር አለን። በዐቢይ ጾም ይሰግድ የነበረ ሰው ዛሬ ቆሞ ማስቀደስ አቅቶት ወንበር ይፈልግ እንደሆነ ይናገር። ሶላቱን ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ የሚሰግድ ይናገር። ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ መቀመጥ የተወች፣ ልጇን ከወለል ማንሣት የማትችል ትናገር። መርማሪው በርጩማ ባያውቅም መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው መቀመጫ መሆኑን ብትነግሩት ጉልበት ምን ያህል መታጠፍ እንዳለበት ይገባዋል።

ይህን ስል አጋኑ ማለቴ አይደለም፤ ፍጹም አይደለም። መርማሪው ከመኪና ስትወርዱ፣ ኮሪደሩ ላይ ስትራመዱ፣ ጫማ ስታወልቁ ያያል። ሐሰተኛ ማመልከቻ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ አንድ ሰው ሲዋሽ ደግሞ በእውነት ያመማቸው መቶ ሰዎች ይጠረጠራሉ። የምጠይቃችሁ እውነቱን ሳትጨምሩም ሳትቀንሱም እንድትናገሩ ነው። የእኛ ሰው ስሕተቱ በአብዛኛው መቀነሱ ላይ ነው።

መታጠፍና መዘርጋት የጉልበት ግማሽ ታሪክ ነው። ሌላው ግማሽ መክዳቱ ነው። ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ ድንገት የሚከዳው ሰው የጅማት ችግር ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም በራሱ መስመር ይመዘናል። ቀድሞ መርማሪው «ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» ብሎ በራሱ ግምት ይፈርድ ነበር። ከፌብሩዋሪ 7፣ 2021 ጀምሮ ግን ደንቡ ተለውጧል። ጅማቱ ተጎድቶ ጉልበቱ ሁልጊዜ የሚከዳ ከሆነ 10 በመቶ ነው፤ ወደ 20 እና 30 የሚያወጣው የጅማቱ መበጠስ ዓይነትና ሐኪም ያዘዘው ድጋፍ ነው። ሐኪም ያዘዘው የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ከፋርማሲ መደርደሪያ አንሥታችሁ የገዛችሁት የጉልበት ማሰሪያ፣ አሥር ዓመት ብታስሩትም፣ ለዚህ መስመር አይቆጠርም። ያው ማሰሪያ በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ ይቆጠራል። የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ መዝገብ ውስጥ ይግባ። አንድ የሐኪም መስመር በመጉደሉ ብቻ በትክክል የተጎዳ ሰው ደረጃው ሲያንስ ያሳዝነኛል።

በጉልበት መካከል ያለው ለስላሳ አጥንት፣ ሜኒስከስ የሚባለው፣ ተሰንጥቆ ጉልበቱን እየያዘው፣ እያመመውና ውሃ እየቋጠረ ከሆነ 20 በመቶ ነው፤ በቀዶ ጥገና ወጥቶለት አሁንም ምልክት ካለው 10 በመቶ። ጉልበቱ በሰው ሠራሽ ለተተካ ሰው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለአራት ወር 100 በመቶ ይከፈላል፤ ከዚያም ከ30 በታች አይወርድም፣ ከባድ ሕመም ወይም ድክመት ከቀረበት 60 ነው። ለአንድ ጉልበት ከአንድ በላይ ቁጥር መስጠት ይቻላል። ለምሳሌ ለመታጠፍ አንድ፣ ለመክዳት ሌላ። የማይፈቀደው አንዱን ችግር በሁለት ስም ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። የውሳኔ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ካያችሁ፣ የቀሩት ችግሮች ተመዝነው ነው ወይስ ተረስተው ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ጉልበትም አይረሳ። ያመመውን እግር ለዓመታት ስናሳርፍ ጤነኛው ሸክሙን ይወስዳል፤ ኋላ እሱም ይታመማል፤ ዳሌና ወገብ ይከተላሉ። አገልግሎት ያመጣው ጉዳት ያስከተለው ሌላ ጉዳትም ካሳ ይገባዋል። ሐኪም መያያዙን ምክንያት ሰጥቶ መጻፍ አለበት እንጂ፣ ሁለተኛው እግር ወታደር ቤት መጎዳት አያስፈልገውም።

የቪኤ ሒሳብ ብዙ ሰው ያስቆጣል፤ 30 እና 20 ሲደመሩ 50 አይሆኑምና። ሙሉውን ሰው እንደ አንድ እንጀራ ቁጠሩት። መጀመሪያ 30 በመቶው ይቆረሳል፤ 70 ይቀራል። ቀጣዩ 20 በመቶ የሚቆረሰው ከሙሉው ሳይሆን ከቀረው 70 ነው፤ ይህም 14 ነው። ድምሩ 44 ይሆናል፤ ወደ ቅርቡ አሥር ሲጠጋ 40። ነገር ግን ጉዳቱ የቀኝም የግራም ጉልበት ከሆነ፣ ሁለት እግሩ የተጎዳ ሰው የሚያርፍበት የለውምና ሕጉ የድምሩን አንድ አሥረኛ ይጨምርለታል። 44 ላይ 4.4 ሲጨመር 48.4 ነው፤ ይህ ወደ 50 ይጠጋል። ደብዳቤያችሁ ላይ ይህ ጭማሪ መግባቱን በእርሳስ ደምራችሁ አረጋግጡ።

በገንዘብ ሲሰላ፣ በ2025 ሠንጠረዥ 10 በመቶ በወር 175 ዶላር ከ51 ሳንቲም፣ 20 በመቶ 346 ከ95፣ 30 በመቶ ጥገኛ ለሌለው 537 ከ42 ነበር። ግብር አይከፈልበትም። ከ30 በመቶ ጀምሮ ለትዳር ጓድና ለልጆች ይጨመራል፤ በወታደሩ ድጋፍ የሚኖሩ ወላጆች ካሉትም ለእነሱ መጠየቅ ይችላል፤ ወላጅ በምንጦርበት ባህላችን ይህን የማያውቅ መብዛቱ ያስቆጫል። 10 በመቶም ቢሆን አትናቁት። ካሳ የሚያገኝ ሰው በቪኤ ብድር ቤት ሲገዛ የሚጠየቀውን ልዩ ክፍያ አይከፍልም፤ ቅድመ ክፍያ ሳይኖረው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ይህ ክፍያ የብድሩ 2.15 በመቶ ነው። በ500,000 ዶላር ቤት ላይ 10,750 ዶላር ማለት ነው። ዜግነት ያልወሰደም ሰው፣ በክብር ከተሰናበተ፣ ካሳው ይገባዋል። ጠቅልሎ አዲስ አበባ ቢገባም ክፍያው ይከተለዋል፤ ለአገልግሎት ጉዳቱ በውጭ አገር የሚታከምበት የቪኤ ፕሮግራምም አለ።

ውሳኔው ካላረካችሁ አንድ ዓመት አላችሁ። አዲስ ማስረጃ ይዞ መመለስ፣ በከፍተኛ ባለሙያ ማስመርመር ወይም ወደ ይግባኝ ቦርዱ መሄድ ይቻላል። ዓመቱ ካለፈ እንደገና ማመልከት ቢቻልም የኋላው ገንዘብ ይቀራል።

ስለ አጋዦች አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። «መቶ በመቶ እናስጨርስልሃለን» እያሉ የወር ካሳውን ብዙ እጥፍ የሚጠይቁ ድርጅቶች ሞልተዋል። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ማንም ክፍያ እንዲጠይቅ ሕጉ አይፈቅድም፤ ጠበቃም ቢሆን የሚያስከፍለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት የሆኑት ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብልዩና አሜሪካን ሊጅን ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች አሏቸው፤ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ስቴቶችም እንደዚሁ። ሁሉም በነጻ ይሠራሉ። አማርኛ ተናጋሪ ባይሆኑም፣ አብሮ የሚሄድ ዘመድ አይጠፋም።

የመጨረሻው ጉዳይ ጊዜ ነው። ከጦሩ በተሰናበተ በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ሰው ካሳው ከተሰናበተበት ማግስት ጀምሮ ይታሰብለታል። ከዚያ ያለፈ ግን የሚታሰብለት ካመለከተበት ቀን ነው፤ ጉልበቱን ያመመው ከአሥር ዓመት በፊት ቢሆንም። ማስረጃ እስክትሰበስቡ ቀኑ እንዳይሄድባችሁ «ላመለክት አስቤአለሁ» ብሎ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ቅጹ 21-0966 ነው፤ በስልክም ይሆናል፣ 1-800-827-1000። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉውን ማመልከቻ ለማስገባት አንድ ዓመት ይሰጣችኋል፤ ካሳው ግን ከደወላችሁበት ቀን ይቆጠራል። ስለዚህ ወረቀቱ እስኪሟላ፣ ሐኪሙ እስኪጽፍ አትጠብቁ። ያገለገላችሁ ሰኞ ጠዋት ደውሉ፤ ያገለገለ ልጅ፣ ባል፣ ሚስት ወይም ወንድም ያላችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጠይቁት፤ «ደህና ነኝ» ቢላችሁ እንኳ፣ ስልኩን አስይዙት።